የእትዬ ዘሃራ ስድስት የክብሪት ቀፎዎች

በጡረታ የተሰናበትኩ ዕለት፣ ሸዋ ሮቢት ባለው ቢሯችን ያስረከብኩት ንብረት በአንድ ገጽ አለቀ፤ አንድ ማጉያ መነጽር፣ ሁለት መቆንጠጫ፣ አንድ ለስላሳ ብሩሽ፣ አራት የወጥመድ ባልዲ፣ አሥራ ሦስት መዝገብ። የተረከበችኝ ሐና የምትባል ወጣት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ናት። የጠረጴዛዬን የታችኛውን መሳቢያ ስባ በላስቲክ የታሰሩ ስድስት የክብሪት ቀፎዎች አወጣች።

«ጋሼ፣ እነዚህስ ስንተኛ ቁጥር ላይ ናቸው?»

«እነሱ የመንግሥት አይደሉም።»

«ያጨሱ ነበር ለካ! ይሄን ሁሉ ዓመት ደብቀውን!»

«አላጨስም። ከከፈትሻቸው ቀስ ብለሽ ነው፤ አታናውጪያቸው።»

አንዱን በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ከፈተችው። ውስጡ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማይበልጡ የደረቁ የእሳት እራቶች ነበሩ። በረድፍ ተደርድረዋል። የሁሉም ራስ ወደ አንድ ወገን ነው። ሁለተኛውን ከፈተች። እሱም እንደዚያው። ሐና መሳቋን ተወች።

«ማነው እንዲህ የደረደራቸው?»

«አንዲት ገበሬ።»

ስልኳን አወጣችና አንዱን ፎቶ አነሳች። ስልኩ ስሙን ወዲያው ነገራት። ስሙ ትክክል ነበር። ያን ስም ለማወቅ እኔ ስድስት ሳምንት ዘግይቻለሁ፤ የዘገየሁበት ምክንያት ስልክ ስላልነበረኝ አልነበረም። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ።

ሥራዬ ማየት፣ መቁጠርና መዘገብ ነበር። በቆላው ማሳዎች ላይ ባልዲ የሚመስል ወጥመድ በእንጨት ላይ ይሰቀላል። ውስጡ የሴቷን የእሳት እራት ሽታ የያዘች ትንሽ የጎማ ቁራጭ አለች። ወንዶቹ በሽታው ተጠርተው ይመጣሉ፤ ይገባሉ፤ ታች ባለው መርዝ ይሞታሉ። ወጥመዱ የተሰቀለበት ማሳ ባለቤት ጠዋት ጠዋት የሞቱትን እየለቀመ ያስቀምጣል። እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ ሄጄ እለያቸዋለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ ቁጥሩን ለበላዮቼ እልካለሁ። ዛሬ የሚበር የእሳት እራት ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ሰብል የሚበላ ትል ማለት ነው። ገበሬው ከእኔ የሚጠብቀው ያቺን የሳምንት ሁለት ሳምንት ፋታ ነበር።

መጀመሪያ የተመደብኩት ማጀቴ ነው። አለቃዬ ጋሼ አበራ ይባሉ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ከረባት የሚያስሩ ብቸኛ ሰው። ሹፌሮች ይስቁባቸዋል። እሳቸው ግን የከረባታቸውን ጫፍ መነጽር መወልወያ አድርገውት ነበርና ግድ አልነበራቸውም። ወጥመድ ሲራገፍ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። በክንፉ ላይ ያለው ሥዕል ዱቄት ነው፤ ትንፋሽ ይበቃዋል። የተራገፈውን በነጭ ሳህን ላይ ያፈሱና፣ እኛ የምንፈልገውን ተምች ትተው መጀመሪያ ወደ ባዕዶቹ ክምር ይሄዳሉ። ባዕድ የምንለው ሳንጠራው የመጣውን ነው።

አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ እነዚህ እኮ አይቆጠሩም» አልኳቸው።

«የምታውቀውን ማንም ይቆጥርልሃል። አንተን የቀጠሩህ ለማታውቀው ነው» አሉኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ጠዋት አንድ ክንፍ አይተው በእርሳስ ይስላሉ። ደብተሩን ይዘጋሉ። ምሳ በልተው ይመለሱና የጠዋቱን ሳይገልጡ እንደገና ይስላሉ። ሁለቱ ሥዕሎች ከተስማሙ ብቻ ስሙን ይናገራሉ። ካልተስማሙ ለነገ ይቆያል። እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ስም በአንድ እይታ መጥራት ጀመርኩ። ጋሼ አበራ አይተው ዝም አሉኝ። ዝምታቸውን እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ከዓመታት በኋላ፣ ጋሼ አበራ አርፈው፣ እኔ የጀውሃ አካባቢን ወጥመዶች ያዝኩ። አንዱ ወጥመድ የእትዬ ዘሃራ ሽንኩርት ማሳ ላይ ነበር፤ ከዋናው መንገድ በታች፣ ወደ ወንዙ። እትዬ ዘሃራ ያኔ ወደ ሃምሳ ይጠጋሉ። ባላቸው ሰይድ ግመል ሊገዛ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ በረሃው ወርዶ በመንገድ ታሞ ሞተ። ወሬው መጣ እንጂ ጀናዛው አልመጣም። የት እንደተቀበረ፣ በወጉ መቀበሩንም የሚናገር ሰው አልተገኘም። ማሳውን የሰይድ ታናሽ ወንድም ሁሴን ፈልጎት ነበር። ሽማግሌዎች ተቀምጠው እንዲህ ብለው ቋጩት፤ እትዬ ዘሃራ ማሳውን እያረሱ ይያዙት፤ ግን ሰብሉ በእሳቸው ጥፋት አንድ ዓመት ከተበላሸ መሬቱ ለሁሴን ይሆናል። ይህን አውቅ ነበር። አካባቢው ሁሉ ያውቅ ነበር።

በአንድ የጥር ማክሰኞ እትዬ ዘሃራ የሳምንቱን ልቃሚ በቆርቆሮ ክዳን አቀረቡልኝ። ተምች አልነበረበትም። ሦስት ትንንሽ፣ ግራጫ፣ ሥዕላቸው የተፋቀ የእሳት እራቶች ብቻ ነበሩ። ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ ሹፌሩ ከላይ መንገድ ላይ ጥሩምባ ይነፋል። መነጽሬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም።

«እነዚህ የእኛ አይደሉም። ከዚህ በኋላ ትንንሾቹን አያስቀምጡልኝ» አልኳቸው።

«ከየት የመጡ ናቸው?»

«ከበረሃው ናቸው፤ ከወዲያ። ነፋስ ያመጣቸዋል።» ወደ ምሥራቅ በእጄ አሳየኋቸው።

«ሴትም ወንድም?»

«ወንዶች ብቻ። የሴቷ ሽታ እየጠራቸው ነው።»

«ከዚያ ድረስ ሽታዋን አውቀው?»

«አዎ።»

«እና ደርሰው ይሞታሉ።»

«ይሞታሉ» አልኩና እጄን በቦዩ ውሃ ታጠብኩ። በመዝገቡ ላይ ተምች በሚለው ረድፍ «የለም»፣ ሌላ በሚለውም ረድፍ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ውሸት ነበር። ሦስት ነበሩ።

በቀጣዮቹ አምስት ማክሰኞዎች እትዬ ዘሃራ ባዶ ክዳን አቀረቡልኝ። አምስት ጊዜ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቀን ስደርስ ማሳው ጥግ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠው ነበር። በጣታቸው ጫፍ አንድ ነገር ቀስ አድርገው ያስተካክላሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጠራኋቸው። እጃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑና፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሼ። ዛሬም ተምች የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የጠየቅኳቸውን መለሱልኝ።

በሰባተኛው ማክሰኞ ከመንገዱ ላይ ሳየው ማሳው አረንጓዴ ነበር። ወርጄ ስቀርብ ነፋስ አልነበረም፤ ሽንኩርቱ ግን ድምፅ ነበረው። ስስ ወረቀት በጣት ሲታሽ የሚሰጠው ዓይነት ድምፅ፣ ከየአቅጣጫው፣ የማያቋርጥ። ቆምኩ። ድምፁ አልቆመም።

እትዬ ዘሃራ ከቦዩ ማዶ ቆመው ያዩኛል።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያወራል። ያረቢ፣ ምን እያለ ነው?» አሉኝ።

አንድ ቅጠል ቀነጠስኩ። ክብደት አልነበረውም። የሽንኩርት ቅጠል ቧንቧ ነው፤ ይህ ቧንቧ ከውስጡ ተበልቶ የቀረው የላይ ቆዳው ብቻ ነበር። ወደ ፀሐይ አነሳሁት። በስሱ ቆዳ ውስጥ አንዲት ጥላ ወደ ላይ ትሄዳለች። ትንፋሼ ሲነካት ቆመች። ትንፋሼን ስይዝ መሄድ ቀጠለች። ሌላ ቅጠል ቀነጠስኩ፤ ሌላ ጥላ። ማሳው ሙሉ ቆሟል፤ ማሳው ሙሉ ባዶ ነው። መድኃኒት ቢረጭ እንኳ ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ነውና አይደርሰውም። መረጨት የነበረበት እንቁላሉ ሲፈለፈል፣ ትሉ ከመግባቱ በፊት ነበር።

«እትዬ ዘሃራ፣ በዚህ ወር ወጥመዱ ውስጥ ምንም አልገባም?»

«ተምች አልገባም።»

«ሌላስ?»

ወደ ቤት ገብተው ስድስት የክብሪት ቀፎዎች ይዘው ወጡ። እያንዳንዱ ቀፎ የአንድ ሳምንት ነበር። በመጀመሪያው ሦስት፤ እነዚያው እኔ የናቅኳቸው። በሁለተኛው አምስት። በሦስተኛው አሥራ አንድ። በአራተኛው አሥራ ዘጠኝ። በአምስተኛው ሠላሳ ሁለት። በስድስተኛው አርባ አንድ፤ በሁለት ድርብ፣ በመካከሉ ቁራጭ ወረቀት ተነጥፎ። የሁሉም ራስ በአንድ ወገን ነበር።

እኔ መጻፍ የነበረብኝ ዘገባ ይህ ነበር። አንድም ስህተት የለበትም።

«ለምን አልሰጡኝም?» አልኳቸው።

«አያስቀምጡልኝ አሉኝ። ለአንቱ አላስቀመጥኩም።»

«ታዲያ ለማን?»

ዓይናቸውን ከእኔ ወደ ምሥራቅ አዞሩ። «አንቱ አይደሉ የነገሩኝ? ወንዶች ናቸው፣ ከወዲያ ናቸው፣ ሽታ ጠርቷቸው መጥተው እዚህ ይሞታሉ አሉ። የእኔ ሰውዬ የቀረው ወዲያ ነው። እሱን ማንም ፊቱን ወደ ቂብላ አላዞረለት። እነዚህን እንኳ ላዙር ብዬ ነው። ሰው እንዳልሆኑ አውቃለሁ። አላህ ያሳይዎት፣ አላበድኩም። እጄ ግን መጣል እንቢ አለኝ።»

ቀፎዎቹን በእጃቸው እንደያዟቸው አየሁ። ራሶቹ ሁሉ ወደ ሰሜን ነበሩ። ከእኛ አገር ቂብላ፣ የመካ አቅጣጫ፣ ሰሜን ነው።

በሳምንቱ ሁሴን ሽማግሌዎችን ጠራ። ክሱ አጭር ነበር። እትዬ ዘሃራ ውሃ ነፍገው ሽንኩርቱን አደረቁት የሚል ነው። ማስረጃው ደግሞ የእኔ ዘገባ። ስድስት ሳምንት ሙሉ የመንግሥት ባለሙያ «የለም» ብሎ ፈርሟል፤ ተባይ ከሌለ ጥፋቱ የማን ነው?

ለኃላፊዬ ነገሩን ስነግረው በሩን ዘጋ።

«ስድስቱም ተልከዋል?»

«ተልከዋል።»

«እንግዲያው አልቋል። ወደ ላይ የሄደ “የለም” አይመለስም። አንተ አሁን ምን አለ ልትል ነው? የክብሪት ቀፎ?»

«ያየሁትን።»

«ያኔ አላየህማ!»

ትክክል ነበር። ቢሆንም በማግስቱ ጋሼ አበራ እንዳስተማሩኝ ሠራሁ። ለማስረጃ ብዬ ከእትዬ ዘሃራ ከወሰድኳቸው ቀፎዎች፣ ከአራተኛው፣ ሥዕሉ ያልተፋቀውን አንዱን መርጬ ጠዋት ሳልኩት። ግራጫ ቡናማ የፊት ክንፍ፤ መሐሉ ላይ ሁለት ምልክት፤ አንዱ የኩላሊት ቅርጽ፣ ሌላው ክብ፣ ክቡ ፈዛዛ ብርቱካናማ። የኋላ ክንፉ ነጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ጅማቶቹ እንደ ጥቁር ክር። እኛ የምንቆጥረው ትልቁ ተምች ክብ ብርቱካናማ ምልክት የለውም። ከምሳ በኋላ እንደገና ሳልኩት። ሁለቱ ሥዕሎች ተስማሙ። በእኛ ወረቀት ላይ ትንሹ ተምች የምንለው ነው፤ የበረሃ ሙቀት የሚስማማው፣ ሽንኩርት የሚወድ። ሽታው የተሠራው ለትልቁ ቢሆንም የቅርብ ዘመዱን አንዳንዴ ይጠራል። ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ማረጋገጫ ለማግኘት ያንን አንዱን በስሜና በእጅ ጽሑፌ ምልክት አድርጌ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ተባይ ናሙናዎች ክምችት ላክሁ። መልሱ ቶሎ መጣ፤ ስሙን አረጋግጠዋል፤ ናሙናው እዚያው ቀርቷል።

ሽማግሌዎቹ በመስጊዱ አጥር ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ቀፎዎቹን ፊታቸው ደረደርኳቸው። ሁሴን ሳቀ።

«የቢራቢሮ በድን ይዘው ለምስክርነት መጡ? አስምሏቸው እንጂ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ዘሃራ አልሳቁም። በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ አንዱን ቀፎ ከፍተው ለረጅም ጊዜ አዩት። የእሳት እራቶቹ የተደረደሩበትን አቅጣጫ ተመለከቱ፤ ቀፎውን በመዳፋቸው ላይ ቀስ ብለው አዞሩና ራሶቹን ወደ ሰሜን መለሱ። ሳቁ ቆመ።

«ይኼ ፍጥረት ነው ሽንኩርቱን የበላው?» አሉኝ።

«ልጆቹ ናቸው።»

«አንቱ ደግሞ ያለውን የለም ብለው ጽፈዋል።»

«ጽፌያለሁ።»

«በወረቀት?»

«በወረቀት። ስድስት ጊዜ። እትዬ ዘሃራ ውሃ አልነፈጉም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የያዝኩትን የእርማት ደብዳቤ አንብቤ ፈረምኩ። መሬቱ ለእትዬ ዘሃራ ጸና። የዚያ ዓመት ሽንኩርት ግን አልተመለሰም፤ ጀውሃ መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሹፌሮች ሽሮ እየሠሩ ዓመቱን ገፉት። እኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝና ጣርማ በር፣ ደጋው ላይ፣ ተመደብኩ። እዚያ ተምች የሚባል ነገር አይወጣም። ሁለት ክረምት ብርድ ቆጠርኩ።

ቀፎዎቹን እትዬ ዘሃራ በዚያው ቀን እንድመልስላቸው ጠይቀውኝ ነበር። «የማስረጃ ፋይል ነው፤ ጉዳዩ ሲዘጋ እመልሳለሁ» አልኳቸው። ጉዳዩ ተዘጋ። እኔም ወደ ቆላው ተመለስኩ። ቀፎዎቹ ከቢሮ ቢሮ አብረውኝ ዞሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሞላቸው። ለዚህ የማቀርበው ምክንያት የለኝም።

ከርክክቡ በማግስቱ ጀውሃ ወረድኩ። እትዬ ዘሃራ ማሳው ላይ ማሾ ሲያርሙ አገኘኋቸው። ወገባቸው ጎብጧል፤ ዓይናቸው ያው ነው።

«ጋሼ! ዛሬ ማክሰኞ ነው እንዴ?»

«ጡረታ ወጣሁ። ከእንግዲህ ሁሉም ቀን ማክሰኞ ነው።»

ሳቁ። ከኪሴ ቀፎዎቹን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሳቃቸው ጠፋ። አረሙን ጣል አድርገው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ቀፎዎቹን አልከፈቱም። አንድ በአንድ በመዳፋቸው ላይ አስቀምጠው መዘኗቸው። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ከዚህ አንድ ጎድሏል።»

የአንዱ የእሳት እራት ክብደት ከፀጉር ዘለላ አይበልጥም። በመዳፍ የሚለይ ነገር አይደለም። አንዱን መላኬን የነገራቸው ሰውም የለም።

«አዎ፣ አንድ ጎድሏል» አልኳቸው። «ለማረጋገጫ ወደ አዲስ አበባ ልኬዋለሁ።»

«የት ነው ያለው?»

«በመሳቢያ ውስጥ፣ በመስታወት ሥር፣ በመርፌ ተሰክቶ።»

«ፊቱ ወዴት ነው?»

አላውቅም ነበር። አላውቅም አልኳቸው።

«ለእነዚህ ጉድጓድ አዘጋጅቻለሁ» አሉኝ። ከማሳው ዳር፣ ከሎሚው ሥር፣ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ነበር። ጠርዙ ያረጀ፣ ሣር የበቀለበት። «አሥራ አንድ ዓመት ዝናብ በመጣ ቁጥር እየጠረግኩት ነው። አንዱ ፊቱ ወዴት እንደሆነ ሳላውቅ አልዘጋውም። የሰውዬዬን ነገር አንድ ጊዜ ሳላውቅ ዘግቼዋለሁ። ሁለተኛ አልችልም።»

በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ነበርኩ። የክምችቱ ጠባቂ ነጭ ጋዋን የለበሰ ትሁት ሰው ነው። ስሜን ነገርኩት፤ መዝገብ አገላብጦ ከአንድ ረጅም የእንጨት ቁም ሣጥን ፊት አቆመኝ። ከመክፈቱ በፊት በስልኬ አቅጣጫ ለካሁ። ቁም ሣጥኑ ጀርባውን ለምዕራብ ሰጥቷል። መሳቢያውን ሳበው።

በመስታወቱ ሥር ወደ መቶ የሚሆኑ የእሳት እራቶች ክንፋቸውን ዘርግተው ተሰክተዋል። ሥርዓት አለው፤ ራስ ሁልጊዜ ወደ መሳቢያው ጀርባ ይሆናል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ምዕራብ ያያሉ። በሦስተኛው ረድፍ አንዱ ብቻ ወደ ቀኝ ዞሯል። ከሥሩ ያለው ወረቀት የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ክቡ ብርቱካናማ ምልክት አልደበዘዘም። አቅጣጫውን እንደገና ለካሁ። ሰሜን ነበር።

«ይቅርታ፣ ይህቺማ ዞራለች» አለ ጠባቂው። «መርፌው ሲላላ ያጋጥማል። መሳቢያ ሲከፈት ሲዘጋ ይንቀሳቀሳል።» መስታወቱን አንስቶ በመቆንጠጫው መርፌውን ያዘ።

«ይተውት» አልኩት።

«ማስተካከል እኮ ነው።» ቀስ ብሎ ሊያዞረው ሞከረ። መርፌው አልዞረም። ጠበቅ አድርጎ ሞከረ። አልዞረም። መቆንጠጫውን አነሳ፤ አየኝ። መስታወቱን መልሶ መሳቢያውን ከሚገባው በላይ ቀስ ብሎ ዘጋው።

ከግቢው በር ላይ ደወልኩላቸው። ለስልኩ ቅርብ ነበሩ።

«እትዬ ዘሃራ፣ አየሁት። ፊቱ ወደ ሰሜን ነው።»

«አንቱ ነዎት ያዞሩት?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

«አላውቅም። ሌሎቹ ሁሉ ወደ ምዕራብ ናቸው።»

ከበስተጀርባቸው ነፋስ በማሾው ውስጥ ሲያልፍ ይሰማኛል።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እንግዲያው የቀሩትን አሁን እቀብራለሁ። አንቱም ጻፉት።»

መዝገቦቹን አስረክቤያለሁና የራሴን ደብተር አወጣሁ። እንደ ልማዴ ሁለት ረድፍ አሰመርኩ። ተምች በሚለው ሥር «የለም» አልኩ። ሌላ በሚለው ሥር «አንድ፤ ፊቱ ወደ ሰሜን» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።